ስለ ኤሌክትሪክ ሲጃራና ስለ መንገደኛ ሻንጣ

ባለፈው ሳምንት በዚሁ በቤተ ሰብ ገጽ፣ የክረምት ልብስ በሣጥን ሲቀመጥ ከብል የሚጠበቅበትን መንገድ ማስታወቃችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ከልብስ ሣጥን ተነሥተን ወደ መንገደኛ ሻንጣ እንለፍ። የምንነጋገርበት ነገር የኤሌክትሪክ ሲጃራ ስለ ሆነ፣ ለአንዳንዱ አንባቢ ለዚህ ገጽ የማይገባ ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። «በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል ቢኖርም አልፈርድበትም፤ እኔም እስካለፈው መስከረም ድረስ እንዲሁ እል ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ እኅቴ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ተሰናዳ። አባቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ስለ ሆነ፣ ምክሩም ቁጣውም በእኔ ላይ የወደቀ ነበር። በመንገዱ ዋዜማ ማታ እኅቴ እንደ አገራችን እናቶች ልማድ ሻንጣውን በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በዳቦ ቆሎና በጋቢ ሞልታ ዘጋችው። በሚዛን ቢወጣ ከተፈቀደለት ከ23 ኪሎ በልጦ ተገኘ። ከየትኛው እንደሚቀነስ ለማየት ልንከፍተው ስንል ልጁ «እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ» እያለ ተጣደፈ። እኅቴ ግን ጋቢውን አንሥታ ብትዘረጋው፣ ከመካከሉ አንድ የእግር ሹራብ ወደቀ፤ ከሹራቡም ውስጥ ጣት የሚያህል፣ የቀለም ብዕር የመሰለ ነገር ወጣ። በጫፉ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። በእጄ ብይዘው ትኩስ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው፣ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ እኅቴ። ልጁ ቀና ብሎ አላየንም። እኔ ግን ምን እንደ ሆነ ዐወቅሁት፤ በየመንገዱ ወጣቶች በአፋቸው ሲይዙት አይቼ ነበርና። የሽሮው ጣሳ ከላይ ሆኖ ማብሪያውን ተጭኖት ኖሯል፤ በሹራብና በጋቢ ተጠቅልሎ ሳለም ሲግል ቆይቷል። ይህ ሻንጣ በማግሥቱ በአይሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጭኖ፣ ማንም ሳያየው ብዙ ሰዓት ሊሄድ ነበር።

«ከሻንጣው ግርጌ ለምን ጨመርኸው? ክልክል መሆኑን አታውቅምን?» ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ በኪሴ ብይዘው በፍተሻ ጊዜ በእማዬ ፊት ይወጣብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ከሁለት ዓመት በፊት የሲጃራ ሽታ ሸተተኝ ብለው የተናገሩኝን ቃል አልረሳሁትም» አለኝ። እኔም አልረሳሁትም ነበር። የዚያን ቀን የተናገርሁት ክፉ ቃል ማጨሱን አላስተወውም፤ መደበቅን ግን አስተምሮታል።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው። በእኛ ቤት ልጅ የሚያሳፍረውን ነገር የሚደብቀው ከሻንጣ ግርጌ፣ ከልብስ መካከል ነው። የዓለም የአየር ጉዞ ደንብ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሲጃራ ፈጽሞ እንዳይገኝበት የከለከለው ይህንኑ ስፍራ ነው። ስለዚህ የቤታችን እፍረትና የአይሮፕላን አደጋ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ይገናኛሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ሲጃራ፣ ወጣቶቹ ቬፕ የሚሉት፣ ሦስት ነገር የተገጠመበት ነው። አንደኛው ባትሪ፣ ሁለተኛው በባትሪው ኃይል የሚግል ቀጭን ሽቦ፣ ሦስተኛው ሽቦው ሲነካው እንፋሎት የሚሆን ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኒኮቲን የሚባለው የትምባሆ መርዝ ከልዩ ልዩ የማጣፈጫ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ዛሬ በዓለም የተስፋፋውን ዓይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የፈለሰፈው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የመድኃኒት ዐዋቂ ነው። ክብሪትም አመድም ስለሌለው ብዙ ሰው «እሳት የሌለው ነገር ምን ያቃጥላል?» ይላል። እሳቱ ግን በባትሪው ውስጥ ተኝቷል።

ባትሪው ሊቲየም አዮን የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ለሥራው መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ በ2019 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀብለዋል። በእጅ ስልካችን፣ በኮምፒዩተራችንና ስልክ በሚሞላልን ተንቀሳቃሽ ባትሪ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። ጥቅሙ ብዙ ኃይል በትንሽ ቦታ መያዙ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ከጥቅሙ ይመጣል። በውስጡ ሁለቱን ወገኖች የሚለያቸው እንደ ወረቀት የሳሳ መጋረጃ አለ፤ በመካከላቸውም ያለው ፈሳሽ የሚቀጣጠል ነው። ባትሪው ቢጨፈለቅ፣ ቢወጋ፣ ከመጠን በላይ ቢሞላ፣ ወይም ሁለቱን ጫፎቹን ቁልፍና ሳንቲም ቢያገናኛቸው ይግላል። ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ ከአንድ ልክ ካለፈ በኋላም ራሱን በራሱ እያጋለ ጢስና ነበልባል ያወጣል፤ በአጠገቡ ያለውንም ባትሪ ያነዳል።

ይህ በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2014 በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ የአይሮፕላን ጣቢያ፣ በዕቃ ክፍል በተጫነ ሻንጣ ውስጥ የነበረ የኤሌክትሪክ ሲጃራ እሳት አስነሥቶ መንገደኞቹ ከአይሮፕላኑ እንዲወርዱ ሆኗል። ጃኑዋሪ 4 ቀን 2015 ደግሞ በሎስ አንጀለስ አንድ ሻንጣ በዕቃ ማቆያው ስፍራ ሲነድ ተገኘ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ምክንያቱ በውስጡ የጋለ የኤሌክትሪክ ሲጃራ መሆኑን ተናገሩ። ያ ሻንጣ ዘግይቶ ደርሶ የሚቀጥለው አይሮፕላን አምልጦት የቀረ ነበር። ባይዘገይ ኖሮ እሳቱ የሚነሣው በሰማይ ላይ ሊሆን ይችል እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስተውል።

በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በዚያው በ2015 የኤሌክትሪክ ሲጃራ በዕቃ ክፍል በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ከቶ እንዳይገባ፣ በአይሮፕላንም ውስጥ ሳሉ ባትሪውን መሙላት እንዳይፈቀድ ወሰነ። መንገደኛው ይዞት መግባት የሚችለው በእጁ ሻንጣ ወይም በኪሱ ብቻ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ «አደገኛ ከሆነ ከሰው ማራቅ አይሻልምን? ከመንገደኛው አጠገብ ማድረግ ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ጢስ ቢነሣ ያየው ሰው ወዲያው ይናገራል፤ አስተናጋጆቹም ለዚህ የተማሩ ስለ ሆኑ ነበልባሉን አጥፍተው ባትሪውን በውሃ ያቀዘቅዙታል። በዕቃው ክፍል ግን ዐይን የለም። በዚያ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባልን ያፍናል እንጂ የጋለውን ባትሪ አያበርድም። ስለዚህ የሊቲየም ባትሪ ሲቆጣ ሰው አጠገቡ ቢኖር ይሻላል።

በሰው አጠገብም ቢሆን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ሌላ ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ በጊምሄ የአይሮፕላን ጣቢያ፣ ሊነሣ በተሰናዳ አይሮፕላን ውስጥ ከመንገደኞች ራስ በላይ ካለው የሻንጣ መደርደሪያ እሳት ተነሣ። በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ወጡ፤ አይሮፕላኑ ግን ጣራው ነደደ። መርማሪዎቹም እሳቱን ያስነሣው ስልክ የሚሞላ ተንቀሳቃሽ ባትሪ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጡ። ከዚህ እሳት በኋላ የኮሪያ መንግሥት ከማርች 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንዲህ ያለው ባትሪና የኤሌክትሪክ ሲጃራ በመደርደሪያው ላይ እንዳይቀመጥ፣ መንገደኛው በእጁ ወይም በፊቱ ባለው ኪስ እንዲይዘው አዘዘ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የኤሌክትሪክ ሲጃራ ይዞ የሚሄድ ሰው በቤታችሁ ቢኖር፣ ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውን በዋዜማው ማታ አብራችሁ ፈጽሙት።

1ኛ፤ ዕቃው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጡ። የጎን ኪሶችን፣ የጫማ ውስጥን፣ የተጠቀለለ ሹራብንና የመታጠቢያ ዕቃ ቦርሳን ፈትሹ። ተጠቅሞ የሚጣለው ዓይነትም ቢሆን፣ ጣዕሙ ያለቀም ቢሆን፣ ባትሪ አለውና ደንቡ ያው ነው።

2ኛ፤ ማብሪያ ያለው ከሆነ አጥፉት። በብዙዎቹ ላይ ማብሪያውን በፍጥነት አምስት ጊዜ መጫን ያጠፋዋል፤ የመቆለፊያ ምልክት ያለውም አለ። ማብሪያ የሌለው፣ ሲሳብ ብቻ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ አፉን በክዳኑ ዝጉት። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡት።

3ኛ፤ በጠንካራ ቤት ውስጥ ክተቱት። እኔ በዚያ ማታ ሌላ ነገር ባጣ የመነጽሬን ቤት ለልጁ ሰጠሁት፤ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። በጨርቅ መጠቅለል ግን ሙቀቱን ያፍናል እንጂ ማብሪያውን ከመጫን አያድነውም።

4ኛ፤ ትርፍ ባትሪ ካለ ያም በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ። እያንዳንዱን በፕላስቲክ ቤቱ ወይም በየራሱ ትንሽ ከረጢት አድርጉት፤ ያም ባይገኝ ጫፎቹን በሙጫ ወረቀት ሸፍኑ። ከቁልፍ፣ ከሳንቲምና ከሌላ ብረት ጋር በአንድ ኪስ አትጨምሩት። ያበጠ፣ የተጨፈለቀ፣ የፈሰሰ ወይም ሠሪው ችግር አለበት ብሎ ከገበያ የሰበሰበው ባትሪ ለጉዞ አይሆንም፤ እቤት ይቅር።

5ኛ፤ የባትሪውን መጠን ዕወቁ። የአየር ጉዞ ደንብ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር ሰዓት ለ1000 አካፍሎ በቮልቱ ማብዛት ነው። 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓትና 3.6 ቮልት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ሲጃራ ባትሪ 10.8 ዋት ሰዓት ይሆናል። 20000 ሚሊ አምፔር ሰዓትና 3.7 ቮልት የሆነው የስልክ መሙያ 74 ይሆናል። ወሰኑ 100 ስለ ሆነ ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው። 30000 የሆነው ግን 111 ስለሚደርስ አስቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነው ለመንገደኛ ፈጽሞ አይፈቀድም። ከዚህ የጠበቀ ደንብ ያላቸው አየር መንገዶች ስላሉ፣ በቁጥርም የሚወስኑ ስላሉ፣ ትኬቱን የሰጠውን ድርጅት መጠየቅ መልካም ነው።

6ኛ፤ ፈሳሹን አስተካክሉ። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በብዙ አገሮች፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከ100 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ፣ ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ፣ በሚዘጋና ውስጡ በሚታይ ከረጢት መግባት አለበት። ከዚህ የበዛው ፈሳሽ፣ ባትሪ የሌለበት ከሆነ፣ በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ሊገባ ይችላል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ጠርሙሱ ከቶ በጠረጴዛ ላይ አይደር፤ ሽታው እንደ ከረሜላ ነው፣ በውስጡ ያለው ኒኮቲን ግን ሕፃን ቢጠጣው ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

7ኛ፤ የእጅ ሻንጣው በአይሮፕላኑ በር ላይ «ቦታ ሞልቷል፣ ከታች ይጫን» ተብሎ የተወሰደ እንደ ሆነ፣ ከመስጠታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ሲጃራውን፣ ትርፍ ባትሪውንና የስልክ መሙያውን አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። ብዙ ጠንቃቃ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ስፍራ ነው፤ እቤቱ በትክክል አሰናድቶ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ በችኰላ ይሰጠዋል።

8ኛ፤ በጉዞ ላይ ዕቃው ወይም ስልካችሁ በወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ቢወድቅ ወንበሩን አታንቀሳቅሱ፤ ብረቱ ባትሪውን ይጨፈልቀዋልና አስተናጋጁን ጥሩ። መጋል፣ ማበጥ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ጢስ ብታዩ ሳታፍሩ ወዲያው ተናገሩ። ከቦርሳ ውስጥ መልሶ መደበቅ ከሁሉ የከፋ ነው።

ስለ ፈሳሹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህም ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ነው። በበረራ ጊዜ በመንገደኞች ክፍል ያለው የአየር ግፊት፣ ቢበዛ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንዳለው ያህል ይደረጋል፤ ቦይንግ 787 በሚባለው አይሮፕላን ደግሞ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ራስዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ ከዚህ ተሞልቶ የሚሄድ ዕቃ ሲነሣ ግፊቱ ብዙም አይለወጥበትም። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣው ግን የተሞላው በባሕር ወለል አጠገብ ነው፤ በጉዞ ላይ የአየሩ ግፊት እስከ ሩብ ሊቀንስ ስለሚችል፣ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር እየሰፋ ፈሳሹን ገፍቶ ያወጣዋል። «ስሄድ ሳይፈስ ስመለስ ፈሰሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ምክንያቱ ይህ ነው። መድኃኒቱም ማጠራቀሚያውን ባዶ ማድረግ ወይም ጥቂት ብቻ አስቀርቶ አፉን ወደ ላይ ማቆም ነው። ሽቶና የፊት ቅባት የሚይዙ ወይዛዝርትም ይህን ምክር ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ይዞ መግባት ተፈቀደ ማለት ማጨስ ተፈቀደ ማለት እንዳይመስለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ባደረገበት ዘመን፣ በአይሮፕላን ሲጃራ ማጨስ በዓለም የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1973 ግን ከፓሪስ አጠገብ አንድ የብራዚል አይሮፕላን በመጸዳጃ ቤቱ በተነሣ እሳት ምክንያት ሲወድቅ 123 ሰዎች ሞቱ፤ ምክንያቱም የተጣለ ሲጃራ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ዛሬም በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የሲጃራ መተርኰሻ የምናየው፣ ለማጨስ ስለ ተፈቀደ ሳይሆን፣ ደንቡን የጣሰ ሰው እንኳ ቢገኝ ትርኳሹን በወረቀት መካከል እንዳይጥል ነው። የኤሌክትሪክ ሲጃራም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ነው፤ እንፋሎቱ የጢስ ማስታወቂያውን መሣሪያ ያስጮኸዋል፤ መሣሪያውን መሸፈንም የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

አዋጅ ማንበብ የዘወትር ሥራዬ ስለ ሆነ፣ ስለ ሕጉም ጥቂት ልናገር። በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሪክ ሲጃራን ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ ከውጭ የሚመለስ ሰው ለወዳጁ ስጦታ ብሎ ሊያመጣው አይገባም። በሌላም አገር ሕጉ ልዩ ልዩ ነው። የተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሽያጩን በደንብ ፈቅደዋል፤ ሕንድ ግን በዚያው ዓመት ማምረቱንም መሸጡንም ከለከለች። ታይላንድ ከ2014 ጀምሮ ወደ አገርዋ እንዳይገባ አግዳለች። በሲንጋፖር ከ2018 ጀምሮ ይዞ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል። እንግዲህ በአይሮፕላን ላይ የተፈቀደ ነገር በመሬት ላይ ሊያስከስስ ስለሚችል፣ መንገደኛ የሚደርስበትን አገር ብቻ ሳይሆን በመካከል የሚያርፍበትንም አገር ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለመንግሥት ሥራ የሚሄዱ ታላላቅ ሰዎችም ብዙዎቹ ሻንጣቸውን በሌላ ሰው እጅ ያሰናዳሉ። ይህ ለድካማቸው የሚገባ ነው፤ ነገር ግን በአይሮፕላን ጣቢያ «ሻንጣውን ያሰናዱት ራስዎ ነዎት?» ተብሎ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። በሻንጣው ውስጥ ለሚገኘውም ነገር መልስ የሚሰጠው እሱ እንጂ የቤቱ ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ በዐይን ማየት ከማዕረግ አያወርድም። ያደራ ዕቃም ሲሰጣቸው ከፍተው ሳያዩ አይቀበሉ። «ለልጄ አድርሱልኝ» ተብሎ በተሰፋ ጨርቅ የሚመጣው ሁሉ በርበሬ ነው ብሎ ማመን አይገባም፤ የላከችው እናትም ራስዋ የማታውቀው ነገር በውስጡ ሊኖር ይችላልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከዚህ በላይ የተጻፈው ደንብ ሁሉ የሚጠቅመው በቤቱ ውስጥ ዕቃው መኖሩ ሲታወቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት፣ የተደበቀ ባትሪም ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ልጁን ለመንገድ የሚሸኝ አባት ወይም አጎት፣ በዋዜማው ሻንጣው ሳይዘጋ፣ ልጁን ለብቻው ጠርቶ፣ «የኤሌክትሪክ ሲጃራ ካለህ አሳየኝ፤ ዛሬ የምጠይቅህ ልቆጣህ አይደለም፣ የት እንደምናስቀምጠው አብረን እንድናይ ነው» ይበለው። ቆጥቶ የሚጀምር የንስሐ አባት ኃጢአት አይሰማም። መምከር ከፈለግን፣ ጊዜው ልጁ እቤት ባለበት ዘመን ነበር፤ አሁንም ከደረሰ በኋላ በስልክና በደብዳቤ ይሆናል። በዋዜማው ማታ ግን ከምክር ሁሉ የሚቀድመው የሰው ሕይወት ነው። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያሉት የሌሎች እናቶች ልጆች ናቸው።

ይህን ስል ማጨስን እንደማልደግፍ ማንም ይረዳልኛል። ኒኮቲን ሰውን ባሪያ የሚያደርግ ነው፤ ጣፋጭ ሽታ ስለ ተቀባ ሰንሰለቱ አልላላም። መተው ከሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን ያልተወ ልጅ ሊተው የሚችለው በሕይወት ሲኖር ነው።

ያን ማታ እኅቴ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያም ዐይንዋን ጠርጋ ሻንጣውን እንደ ገና አሰናዳች። ከሽሮው ሁለት ኪሎ ቀነሰች፤ ጋቢውን ግን አልቀነሰችም። በማግሥቱ ልጁ የመነጽሩን ቤት በኮቱ ኪስ አድርጎ፣ ቀና ብሎ እያየን ተሰናበተን። በደረሰ ጊዜ ስልክ ሲደውል እናቱ መጀመሪያ የጠየቀችው «ያ ነገር በእጅህ ነበርን?» ብላ ነው። «አዎ እማዬ፣ በኪሴ ነበር» አላት። ስለዚህ ነገር በእናትና በልጅ መካከል የተነገረ የመጀመሪያው እውነተኛ ቃል ይህ ነበር።

ለገና በዓል ደግሞ እንኳን አደረሰዎ ሊለኝ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የመነጽር ቤትዎን ስመጣ እመልስልዎታለሁ፤ አሁን ባዶውን ነው» አለኝ። እውነት መሆኑን አልመረመርሁም። ያለ ፍርሃት ሊነግረኝ መውደዱ ለጊዜው ይበቃኛል።

በሚመጣው ሳምንት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ለረጅም ጉዞ ስንቅ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ሳይነቅዝ ስለሚቆይበት መንገድ እንነጋገራለን። እስከዚያው ድረስ መንገደኞቻችሁ በሰላም ይግቡ።